ሁለት ጭብጨባ ቁልቁል

እኔ ሰው አላምንም። ድሮም አላምንም ነበር። እናቴ «ይኼ ልጅ ጡቴን እንኳ አሽትቶ ነው የጠባ» እያለች ጎረቤቱን ታስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው። ገበያ ስሄድ የማሩን ቅል እስከ ግርጌው በእንጨት ሳልጠነቁል ገዝቼ አላውቅም፤ ሰው ሲስቅልኝ ከኋላዬ ማን አለ ብዬ ዞር እላለሁ። ይህን የምናገረው ልኮራበት አይደለም። በዚሁ ጠባዬ አንድ ንጹሕ ሰው ላስገድል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ገና ከአንኮበር ሳይርቁ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ አርፈዋል። እኔ የዜማ ተማሪ ነበርኩ፤ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ ነበር የምለው። እጁ የማያውቀው ሥራ የለም፤ ጥድ ይጥላል፣ ይጠርባል፣ ቤት ያዋቅራል። ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግንድ ከላይ ከደኑ ይውረድ ሲባል አለቃ ሆኖ የተመረጠው እሱ ነው። እኔም ከትምህርቴ ሲተርፈኝ ከሠራተኞቹ ጋር እሰለፍ ነበር።

ድሮ ግንድ የሚወርደው በሰው ትከሻ ነበር። ያን ዓመት ግን አንድ ፈረንጅ መጣ፤ አናጢ ነው፣ ንጉሡ ዘንድ ሥራ ለምኖ የገባ። ይኼ ሰውዬ ከወይራና ከብረት አራት ክብ እግር ያለው ነገር ሠራ። ሠረገላ አልነው፤ ከመጽሐፍ በቀር የት አይተን እናውቃለን? ሃያ ሰው እያቃሰተ የሚሸከመውን ግንድ ጭኖ፣ ሜዳ ላይ ሁለት ሰው ሲገፋው እየተንከባለለ ይሄዳል። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ። ሰው የለም፣ እንስሳ የለም። ደስ አላለኝም። በቅሎ እንኳ ስትሄድ ውላ ይደክማታል፤ ይኼ ግን የሚደክመው አይመስልም። ለጋሼ ነገርኩት። «አንተ ደግሞ! ሠረገላም ትጠረጥራለህ?» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ቁልቁለት ላይ ሥራው መግፋት አይደለም፤ መያዝ ነው። ከሠረገላው ኋላ ረጅም የጠፍር ገመድ ይታሰራል፣ አሥራ ሁለት ሰው ገመዱን ይዞ ወደ ኋላ እያዘነበለ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጋሼ ከፊተኛው እግር አጠገብ ታኮ ይዞ ይሄዳል፤ መቆም ሲያስፈልግ ታኮውን ከሥሩ ይሸጉጣል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሠራን። አንድም ሰው አልተጫረም።

ገመዱን የሠራው ከወንዙ ማዶ ለብቻው የሚኖር ቆዳ ፋቂ ነው። ሽበት የጀመረው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። አገሩ ሁሉ ጠፍሩን ይገዛዋል፣ ቤቱ ግን አይገባም። ቡዳ ነው ይባላል። ቆዳ የሚፍቅ ሁሉ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር ያኔ። እኔ ማንንም የማላምነው ሰውዬ ይኼን ግን ያለ አንድ ምስክር አመንኩ። አይ እኔ!

ጉዱ የመጣው በዐቢይ ጾም፣ ከቀትር በኋላ ነው። መንገዱ በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ያልፍና ቅጥሩ ሲያበቃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሃያ እርምጃ ያህል ወርዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ይታጠፋል። ጋሼ ቅጥሩ ማብቂያ ላይ ሠረገላውን አስቆመ፣ ታኮውን አስገባ፣ እየዞረ የያንዳንዳችንን አያያዝ አየ። እኔን መጨረሻ አቆመኝ። «አንተ ተኝተህም አትተኛም፤ ጫፉን ያዝ» ብሎኝ ሳቀ። ጭጋግ ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሌሎቹ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠዋል፤ እኔ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ነበር። ጋሼ ታኮውን አወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ሲጠይቀን አሥራ ሁለታችንም ቃላችን አንድ ነበር፦ ያዝን፣ ሠረገላው ሄደ፣ ፈጠነ፣ ተረከዛችንን ተከልን፣ ጎተተን፣ ገመዱ ተበጠሰ። ጋሼ ታኮውን ይዞ ከፊቱ ሮጠ። መታጠፊያው ላይ ከእግሩ ሥር ሊሸጉጥ ጎንበስ ሲል ሠረገላው ታኮውንም እሱንም ወጣባቸውና ቋጥኝ ላይ ተላግቶ ቆመ። በቃሬዛ ቤት አደረስነው። አንድ ቃል ሳይናገር በማግስቱ አረፈ።

ከቀብሩ መልስ ሠራተኞቹ ዘንድ ሄጄ ገመዱን አየሁ። ሲበጠስ የተቦጫጨቀ መስሎኝ ነበር። ግን እንዴ! ከግማሹ በላይ ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ምላጭ የዞረበት ይመስላል። ደሜ ፈላ። ይኼ ቡዳ ጠፍሩን በከፊል ቆርጦት ነው የሰጠን አልኩ። ለምን ይቆርጠዋል? ምክንያትም አላጣሁለትም። ባለፈው ክረምት ጋሼ ቆዳው ይገማል ብሎ አንድ ገመድ መልሶበታል፤ ቂም ይዞ ነው። እንዲህ ነው ጥርጣሬ፤ ምክንያት ሲጠፋው ራሱ ይወልዳል።

ቆዳ ሲያለፋ ደርሼ ክንዱን ያዝኩና «በንጉሥ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ። በኛ አገር ሥርዓት እንዲህ ከተባለ በኋላ ከሳሽና ተከሳሽ መለያየት የለም፤ የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠራል። ዳኛ እስኪቀመጥ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ቁራኛ ማለት ይኼ ነው። የኔ የጋቢ ጫፍ ከሱ የነተበ ኩታ ጫፍ ጋር ተቋጠረ። ዳኛው የሚቀመጡት በአምስተኛው ቀን ነው ተባልን። ከተፈረደበት ለኛ ለቤተ ሰቡ ይሰጣል፤ በገደለበት ነገር ይገደላል። ይኸውም ሠረገላው ነው። እግሩ ሥር አስተኝቶ ታኮውን የሚያወጣው ደግሞ ደም መላሹ ነው፤ እኔ። ይኼን ሳስብ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መካከል እኔን ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ ማን እንደገደለው አጣርተህ ና። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

«አጣርቻለሁ እማዬ፤ ይኸው በጋቢዬ ይዤዋለሁ» አልኳት።

ሰውዬውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከማታምኑት ሰው ጋር ተቋጥራችሁ ታውቃላችሁ? እግዜር አያሳያችሁ። ቋጠሮውን እንዳይፈታ ብዬ በመካከሉ ሦስት የቀይ ክር ቁራጭ ሸጎጥኩበት፤ በየጊዜው እቆጥራለሁ። ሲያስለኝ እሱን አያለሁ፣ ሆዴን ሲቆርጠኝ እሱን አያለሁ። መብል ሲመጣ ደግሞ ጉድ ነው፤ ቡዳ ፊት አይበላም። ጀርባዬን ሰጥቼው ጋቢዬን ተከናንቤ ቂጣዬን ስጎርስ፣ በሁለተኛው ቀን እሱ ራሱ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ጌታው፣ አንተ ሳትሰጋ እንድትበላ ነው። ትን ብሎህ ብትሞትብኝ ይኼም በኔ ይሆናል» አለኝ።

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ሊያለሳልሰኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

«ጠፍሬ ደኅና ነው» አለ ቀጥሎ፤ ከተቋጠርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ነገሩ ሲናገር መሆኑ ነው። «ሁለት በሬ የሚጎትተው ጠፍር ነው። አልቆረጥኩትም። አንተ ግን አታምነኝም፤ እኔም እመነኝ አልልህም። ቦታውን አይተኸዋል?»

«ቦታው ላይ ነበርኩ እኮ!»

«መሆንህንስ ነበርክ። አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

አናደደኝ። ክሮቼን ደግሜ ቆጠርኩ።

በሦስተኛው ቀን ፈረንጁ ራሱ ፈልጎ አገኘን። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሲያለቅስ ከርሟል ይላሉ፤ እኔ ግን ጭስ ይሆናል አልኩ። አማርኛው ይንገዳገዳል። «ሠረገላው የኔ ነው። የሞተውም ወዳጄ ነው። ና፣ ሠረገላውን እንጠይቀው» አለኝ።

«ሠረገላ ይጠየቃል እንዴ? ጠንቋይ ነህ?»

«አይደለሁም። አንተ ታጨበጭባለህ፣ እሱ ይመልሳል።»

ኧረ ወዲያ! ልመለስ ነበር። ጠፍር ሠሪው ግን ቀድሞ መራመድ ጀመረ፤ ተቋጥረናልና ተከተልኩት።

ፈረንጁ መሣሪያውን የሚጭንባት ትንሽ ሠረገላ አለችው። ከዋናው መንገድ ጎን ባለው ባዶ ቁልቁለት ላይ አቆማት፤ ቁልቁለቱ ከመንገዱ ጋር እኩል ነው። ሦስታችን ልንይዘው የምንችለውን ያህል ድንጋይ ጫነባት፣ ከታች የገለባ ክምር አደረገ። ከዚያ ሥራችንን ነገረን። ሠረገላዋ ያለ ያዥ ትለቀቃለች፤ እኛ ሁለታችን ከጎኗ እንሮጣለን፤ እኔ እኩል እኩል አጨበጭባለሁ፤ ጠፍር ሠሪው በያንዳንዱ ጭብጨባ ፊተኛው እግሯ ያለበት ላይ አንድ ጠጠር ይጥላል። ጭብጨባዬ አይዛነፍም፤ መሪጌታዬ በመቋሚያ ክርኔን እየመቱ ነው ያስተማሩኝ። ጠጠሮቹን ግን እኔው ለቀምኳቸው። የፈረንጅ ጠጠር አላምንም።

ሁለት ባላጋራ በአንድ ቋጠሮ ታስሮ ከሠረገላ ጋር ቁልቁል ሲሮጥ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ አገር ለቆ እስኪሄድ ይስቅብን ነበር። አንዱ ሲቀድም ሌላው ይጎተታል። መጀመሪያ ወደቅን። ሁለተኛም ወደቅን። በሦስተኛው ጠጠሮቹ በየቦታቸው አረፉ። እርምጃውን የለካሁት እኔ ነኝ፤ የሱ እግር ይረዝማል።

ከመነሻዋ እስከ መጀመሪያው ጠጠር አንድ እርምጃ። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሦስት። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው አምስት።

ቆም ብዬ አሰብኩ። ጭብጨባዬ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ በአንዱ ጭብጨባ አንድ እርምጃ ብቻ የሄደች ሠረገላ፣ በሚቀጥለው ሦስት፣ በሚቀጥለው አምስት የምትሄደው ማን ገፍቷት ነው? ፈረንጁን አየሁት። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። «በኪስህ ምን አለ? አውጣ!» አልኩት። አወጣ፤ የተቆረሰ ዳቦ ነው።

«ማንም አልገፋም። ቁልቁለቱ ነው። መጀመሪያ ይገፋታል፤ ከሄደች በኋላም ይገፋታል። አያርፍም። ስለዚህ ፍጥነቷ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ይጨምራል» አለ፤ በየቃሉ እጁን ከፍ እያደረገ።

ሁለት ጊዜ ደገምን። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። አልተለወጠም። ዜማ ውስጥ ያለ ሰው ልኩን የማይስት ነገር ሲያይ ልቡ ይማረካል፤ እኔም ሳልወድ ልቤ ወደዚያ አዘነበለ።

«አሁን እንይዛታለን» አለ ፈረንጁ። ጠፍር ሠሪው ከዚያው ከተከሰሰበት ገመድ የተረፈውን ከኋላዋ አሰረ። ሦስታችን ያዝን። ሠረገላዋ አንድ ጭብጨባ በነፃ እንድትሄድ ገመዱን አላላንና ከዚያ ተረከዛችንን ተክለን ጎተትን። አምስት እርምጃ ጎትታን ቆመች። ቀጥሎ ሁለት ጭብጨባ እንልቀቃት ተባለ።

«ስንት እርምጃ ትጎትተናለች?» አለኝ ፈረንጁ።

«በሁለት ጭብጨባ ፍጥነቷ እጥፍ ይሆናል አይደል? እንግዲያው አሥር።»

«እሺ። ያዝ።»

አሥሩን አለፈች። አሥራ አምስቱንም። በሆዴ ተንሸራተትኩ፣ አፌ ሣር ጎረሰ፣ ጠፍር ሠሪው ላዬ ላይ ወደቀ። ስትቆም ተነሥቼ ለካሁ። ሃያ።

«ለቀቅክ! ሆን ብለህ ለቀቅክ!» ብዬ ጠፍር ሠሪው ላይ ጮህኩ።

ቆሞ ትቢያውን አራገፈ። ፈረንጁ «እንደገና» አለ። እንደገና ሃያ። ጠፍር ሠሪውን ከፊቴ አድርጌ እጁን እያየሁ ሞከርን። ሃያ። ንጉሥ ይሙት፣ አንድ እርምጃ እንኳ አልተቀነሰም!

ፈረንጁ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ፍጥነቷ እጥፍ ከሆነ ለማቆም የሚፈጀው መንገድ አራት እጥፍ ነው። ሰው ሁሉ እንዳንተ አሥር ይላል። እኔም ልጅ ሆኜ ብዬ ነበር። ያዡ ያው ነው፣ ገመዱ ያው ነው። የዘገየችው አንዲት ጭብጨባ ናት ሁሉን የምትበላው።» ከዚያ በእጁ ወደ ዋናው መንገድ አመለከተ። «አሁን እዚያ ሂድ። እኔ አልመጣም። የማደርገውን ትጠረጥራለህ።»

ዋናውን መንገድ ጋሼ ከተመታበት ወዲህ የረገጠው አልነበረም። ዝናብም አልጣለም። ቅጥሩ ማብቂያ ላይ ታኮው የነበረበት ጉድጓድ እንዳለ አለ። ጠፍር ሠሪው ከመታጠፊያው እንጀምር አለኝ። እዚያ ጥጉ ላይ ጠርዙ እንደ ቢላ የሆነ ድንጋይ ወጥቷል። በጣቱ ነካው፣ ለኔም አስነካኝ። ስብ ነው፤ ጠፍሩን ያለሰለሰበት ቅቤና ጮማ ድንጋዩ ላይ ተለጥፏል። ሠረገላው ሲታጠፍ ገመዱ እዚህ ጠርዝ ላይ ተወጥሮ ታሽቷል። ልሙጡ የምላጭ ሥራ አልነበረም።

 ግን እጄን አልሰጥም ብዬ «ይሁን። ታዲያ ከዚህ ሳይደርስ ለምን አልያዘም? መፍጠን የጀመረው ከላይ ነው» አልኩ።

«የተረከዛችሁን ጭረት እይ ጌታው። እኔ አልናገርም።»

አየሁ። አሥራ ሁለት ሰው ተረከዙን ተክሎ የተጎተተበት ቦይ በቀዩ አፈር ላይ ቁልጭ ብሎ አለ። የአንዱን ሰው ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ፤ አሥራ አምስት እርምጃ። ያን ሁሉ መንገድ ገመዱ አልተበጠሰም ነበር ማለት ነው። የተበጠሰ ገመድ ሰው አይጎትትማ! ሠረገላው ከታኮው ጉድጓድ እስከ መታጠፊያው የሄደው ግን ከዚያ ይበልጣል። ገመዱ ደኅና፣ ያዦቹ በቦታቸው፣ ሠረገላው ግን በነፃ ሄዷል። ትርፉን እግሬን እያስከተልኩ ለካሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

አንድና ሦስት። ሁለት ጭብጨባ።

«ሁለት ጭብጨባ ሙሉ ማንም አልያዘውም» አለ ጠፍር ሠሪው ቀስ ብሎ። «አንዲት ብትሆን ኖሮ በአምስት እርምጃ ይቆም ነበር። ሁለት ሲሆን ሃያ ያስፈልገዋል፤ ያላችሁ አሥራ አምስት ነው። ምን ስታደርጉ ነበር ጌታው?»

«ይዘን ነበር!» አልኩ። «ጋሼ ታኮውን አወጣ፣ እኛ ይዘን ነበር። ከዚያ...» ከዚያ ያለውን ፈለግኩት፣ አጣሁት።

ሰዓቱ የጾም ቅዳሴ የሚገባበት ከቀትር በኋላ ነበር፤ ጋሼ የተመታበት ሰዓት። ከቅጥሩ ውስጥ የድንጋዩ ደወል ተመታ። ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩና ቀና አልኩ። ጠፍር ሠሪው አጨበጨበ። ጎንበስ ስል አንድ። ቀና ስል ሁለት።

 እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተቋጥሯልና እሱም አብሮኝ ተቀመጠ። አገራችን ሰው ደወል ሲሰማ አስቦ አይሳለምም። ሳያስበው እንደሚያስነጥሰው ነው፤ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ብትጠይቁት ተሳልሜያለሁ አይላችሁም፤ አያስታውሰውማ። አሥራ ሁለት ሰው ታኮው በወጣባት በዚያች ቅጽበት ደወል ሰማ፣ አሥራ ሁለት ሰው ጎንበስ አለ። ጋሼ ብቻ ዓይኑ ከሠረገላው እግር አልተነሣም።

«አውቀህ ነበር?» አልኩት።

«የደወሉን ሰዓት አውቅ ነበር። ግን አንድ ፋቂ ተነሥቶ የቄስ ልጆች ሲሳለሙ ሰው ገደሉ ቢል ከነነፍሴ ነው የምትቀብሩኝ። ራስህ እንድታየው ነው።»

አለቀስኩ። ጋሼ ከተቀበረ ወዲህ ያኔ ነው የወጣልኝ።

በአምስተኛው ቀን ዳኛው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። ያን ያህል ሕዝብ አይቼ አላውቅም፤ ካህናቱም አሉ። ከሳሽ ይናገር ተባለ። ጋቢዬ ከሰውዬው ኩታ ጋር እንደተቋጠረ ቆምኩ። ከመሄዴ በፊት ፈረንጁ አብሬህ ልናገር ብሎኝ ነበር፤ ተው አልኩት። የባዕድ ቃል ማን ያምናል? እኔ እንኳ አላመንኩም።

«ጌቶች፣ ጠፍሩ ደኅና ነው። ሰውዬው ንጹሕ ነው» አልኩ።

ጉርምርምታ ተነሣ። «ታዲያ ወንድምህን ማን ገደለው?» አሉ ዳኛው።

«እኛ ነን። ደወል ሲመታ ተሳለምን። ገመዱን በአንድ እጃችን ለቀን በአንድ እጃችን አማተብን። ሁለት ጭብጨባ ያህል ነው።» ጭብጨባውን፣ እርምጃውን፣ አንዱን፣ ሦስቱን፣ ሃያውን ሁሉ ነገርኳቸው።

አንድ ቄስ ብድግ ብለው «መሳለም ነው የገደለው ልትል ነው?» አሉ፤ መቋሚያቸውን ወደኔ ቀስረዋል።  አበቃልኝ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ከአሥራ አንዱ ያዦች አንዱ፣ ፈርጣማው፣ ወጥቶ ግራ መዳፉን ዘረጋ። ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተልጧል፤ ገመዱ ሲሾልክ ነው ያቃጠለው። «እውነቱን ነው ጌቶች። በቀኜ አማትቤያለሁ። አሁን ሲናገር ነው ትዝ ያለኝ» አለ። ሁለተኛው ወጣ፣ ዘረጋ። ሦስተኛው። አሥራ አንዱም ግራ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ የሁሉም ተልጧል። እኔን ማንም ዘርጋ አላለኝም። ከሳሽ ነኝና።

ዳኛው ከካህናቱ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ መሳለም በደል እንዳልሆነ፣ ደሙም በአንድ ሰው እጅ እንዳልሆነ ተናገሩ። ከእንግዲህ ታኮ ወጥቶ ገመድ የያዘ ሰው ደወል ቢሰማ በልቡ ይሳለም፣ እጁን አያንሣ ብለው አዘዙ፤ እኚያ የተቆጡት ቄስም «ይሁን፤ እግዚአብሔር ልብ ያያል» አሉ። ቋጠሯችን ተፈታ። ሦስቱ የቀይ ክር ቁራጮቼ መሬት ላይ ወደቁ። ጠፍር ሠሪው ሊሄድ ሲል እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ አባቴ ይቅር በለኝ አልኩት። አነሣኝና «እንግዲህ ስትበላ ፊትህን አታዙርብኝ» አለኝ። ብዙ ዓመት ቤቱ እየሄድኩ በልቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሆዴን አልቆረጠኝም።

ቤት ስደርስ እናቴ ነገሩን ሁሉ ሰምታለች። ለቀስተኛው ሄዷል። መሶቡን አቅርባ ማንቆርቆሪያውን አነሣች፤ እጄን ልታስታጥበኝ። ዘረጋሁላት። ውኃውን አንድ ጊዜ አፈሰሰችና ቆመች። ግራ መዳፌን ይዛ ገለበጠችው። አውራ ጣቷን አሳለፈችበት። ከዚያ ቀኙን።

«የነዚያ ልጆች መዳፍ ተልጧል አሉ» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«ያንተስ?»

 ጋቢዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ደወል ሲሰማ የቄስ ልጅ ተከናንቦ አይሳለምም፤ ጋቢውን ከትከሻው በግራ እጁ ያወርዳል፣ በቀኙ ያማትባል። ገመዱ እኔ ዘንድ ሲደርስ የሚያቃጥለው መዳፍ አላገኘም። ጫፉ በእግሬ ሥር ሾልኮ ሄደ፤ ሮጬ ነው የደረስኩበት። ይኼን መቼ እንዳወቅኩት ልንገራችሁ? ያ ፈርጣማ ሰው መዳፉን በዘረጋ ጊዜ ነው። አወቅኩና ዝም አልኩ።

«በሁለቱም እጄ ነው የለቀቅኩት እማዬ። ጋሼ ጫፉን ለኔ ነበር የሰጠኝ።»

«ለዳኛው ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። አጣርተህ ና ብለሽኝ የለ?»

ለረጅም ጊዜ እጄን አየች። እኔ ምራቋን እንድትተፋብኝ፣ እንድታወጣኝ ነበር የጠበቅኩት። የቀሚሷን ጫፍ ሳበችና ጣቶቼን አንድ በአንድ አደረቀች።

«ለማንም አትንገር። አንድ ልጅ ነው የቀረኝ» አለችና እንጀራውን ወደኔ ገፋችው።